ስቅታ

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ኮራንጊ፣ ካራቺ።
በረዶ ፋብሪካው ሞተሩን ሲያስነሣ
እንደ አልጋ ቁራኛ ዓይን አምፖሉ ፈዘዘ፤
ክንፉ እስኪቆጠር ድረስ ፋኑ ደነዘዘ።
ጉልናር ቀና ሳትል፣ እርሳሱ ሲጤስ ከጣቷ ሥር፣
«ሁለት መቶ ሃያ ብለው ያስከፍሉናል» አለች «በወር በወር፤
መቶ ሰባ ነው የደረሰን። የቀረውን የበላው ማን ነበር?»

ሙራድ ባኽሽ ገባ፣ የኢብራሂም ሃይደሪ ዓሣ ነጋዴ፤
ሣጥኑን ከነማራገቢያው በጋዜጣ ጠቅልሎ፣
ቁጣውን ግን ሳይጠቀልል።
«ትናንት የጠገንሽው ዛሬም ይነሣል፣ ይወድቃል፤
ይነሣል፣ ይወድቃል፤
ስቅ፣ ስቅ ይላል እንጂ መቼ ሥራ ይሠራል?
ባጂ፣ ያቺን ዘበኛ ነቅለሽ ጣይልኝ፤
ዓሣዬ ሸተተ፣ ደንበኛ ሸሸኝ።»

ክዳኑን ፈታች። ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ሬዚስተር
በወረንጦ ጫፍ ነካች።
«የሚያልፈውን ኮረንቲ ይቺ ናት ውላ አድራ የምትቆጥር።
ልኩን ሲያልፍ ትናገራለች፣ ቺፑም ይሰማታል፤
ዓይንህ ሳይርገበገብ በሩን ይዘጋል፤
ጥቂት ያርፋል፣ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ ይሞክራል፤
ሸክሙ ያው ከሆነ መልሶ ይዘጋል።
ይህ ስቅታ ባይኖር፣ በዚያ ጋዜጣ
ከሰል ጠቅልለህ ነበር የምትመጣ።
ስቅ ካለው ደግሞ ስሙን ያነሣ አለ፤
እስኪ ሽቦውን እንከተል፣ ወዴት እንደ ዋለ።»

ተከተልን። ማራገቢያው ሥር፣ የባሕር ጨው በበላው ገመድ
ሁለት እርቃን ሽቦዎች
ተቃቅፈው ተገኙ፣ ያለ ፈቃድ።

«ይሁን» አለ ሙራድ፣ «ይህስ ገባኝ።
ምሽት ምሽት ግን ለምን ይሞታል?»
«አልሞተም» አለች ጉልናር። «እምቢ ብሏል።

አምፖል ሲነፍጉት ይፈዝዛል፤ አይዋሽም።
ይህ ግን ለታች ቤት አሥራ ሁለት ቮልት ቃል ገብቷል፤
ቃሉን አያጥፍም።
ከላይ ሲነፍጉት አብዝቶ ይስባል፤
የቮልቱን ጉድለት በአምፔር ይሞላል፤
ጎኑ እየጋለ፣ ውስጡ እየነደደ፣
ታች ያሉት አይሰሙም፣ ላይ ቤት ማን እንደተማገደ።
ስለዚህ ደፍ አለው። መቶ ስልሳ ሲደርስ ይተኛል፤
መቶ ሰማንያ ካልሞላ፣ ቢጠሩትም ዝም ይላል።
በተኛበት ልክ ቢነሣማ ሸክሙ መልሶ ይጥለዋል፤
ሲገባ ሲወጣ፣ ሲገባ ሲወጣ፣ ደፉ ላይ ያልቃል።»

ሙራድ ዝም አለ። ዓሣ መምረጥ የለመደ ዓይኑ
ከፊቷ ወደ እጇ ወረደ።
መበየጃው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እኔ ጥጉ ላይ ሽቦ እየላጥሁ የማውቀውን ዋጥሁ፦
ባሏ ፈርሩኽ በመርከብ ሥራ ከሄደ ወዲህ
ወሬውም ገንዘቡም እየሳሳ መምጣቱን፣
የሌላ ሱቅ ሥራ በሌሊት መጨመሯን፣
እራቷ አንድ ቂጣ ሆኖ ሳለ
የልጆቿ ዩኒፎርም ጧት ጧት ተተኩሶ መታየቱን።

«ባጂ» አለ፣ «ያንቺስ ደፍ ስንት ላይ ነው?»
ሳቀች።
«የኔ ፋብሪካ ያንን ዕቃ አልገጠመም፤
ዋጋ ሊቀንስ ነው።»

ሒሳቡን ከፈለ። በዚያው ጋዜጣ
ሁለት ዓሣ ጠቅልሎ ትቶ ወጣ።
«እነዚህ አልሸተቱም» አለ፣ ከበሩ መለስ ብሎ።

በማግስቱ ምሽት፣ አምፖሉ ሲፈዝ፣
ጉልናር መበየጃውን ከሶኬቱ ነቀለች፤
ሦስት ራዲዮ፣ አንድ ቻርጀር፣ ሆዳቸው እንደተከፈተ ተወች፤
ሄዳ በሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች።
«አመመሽ?» አልኋት።
«መቶ ስልሳ ነው» አለች።

ደንበኛ መጣ፤ «ነገ» አለችው።
ሌላም መጣ፤ «መቶ ሰማንያ ሲሞላ።»
ሰውየው ሳይገባው ሄደ።
እርሷ ባሕሩ ወዳለበት ታያለች፤ ከቤቶቹ በቀር የሚታይ የለም።
ድንገት ስቅ አላት።
«ማን አነሣኝ?» አለች፣ ለኔ ሳይሆን።

ከጀርባዋ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ሳልነቅለው የረሳሁት ሣጥን
ጭል ይላል፤
ይጠፋል፤
ያርፋል፤

ጭል።